እግሩ ተለካ፤ አካሄዱስ?

ብቸና በገበያ ቀን መንገድ ዳር የቆመ ሰው ዝሆኔ የያዘውን ገና ከሩቅ ይለየዋል። ጉልበቱን አያጥፍም፤ እግሩን በጎን አዙሮ ያመጣና ውስጥ እግሩን በሙሉ ባንዴ ያሳርፈዋል። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት ይህ ሕመም ትንኝ አያመጣውም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። በባዶ እግር ቀይ አፈር ሲረግጡ ከመኖር የሚመጣ ነው። እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም፣ አነደድ ወረዳ፣ 696 ሕሙማን የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ሙከራ፣ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለልና ጫማ ማድረግ የሕመሙን ግርሻ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ባለፈው ክረምት እግራቸውን እንዲህ የሚታከሙ አንዲት የሰፈራችንን እናት «እቴቴ፣ እብጠቱ ቀነሰልዎ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እብጠቱንስ ጤና ጣቢያ ያሉት በሜትር ይለኩታል፤ እኔ ቤተ ክርስቲያን እስክደርስ ሦስት ጊዜ አርፍ ነበር፣ አሁን አንዴ ነው» አሉኝ።

ለእሳቸው መዳን ማለት ይኸ ነው፤ ካርዳቸው ላይ ግን አልተጻፈም።

አካሄድን በትክክል መለካት የሀብታም ላቦራቶሪ ሥራ ሆኖ ኖሯል፤ ሰውነት ላይ የሚለጠፍ አንጸባራቂ፣ ዙሪያውን የተደረደረ ውድ ካሜራ፣ ወለል ውስጥ የተቀበረ ሚዛን ይጠይቃል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 በጥናት ያቀረቡት ኦፕንካፕ የተባለ ዘዴ ግን ሁለት አይፎን፣ ሁለት ማቆሚያ፣ የዳማ ገበታ የመሰለ ወረቀትና ቀረጻውን የሚያዝ ሌላ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ይበቃዋል። ስልኮቹ ሰውየውን ከሁለት አቅጣጫ ይቀርጹታል፤ ሶፍትዌሩ የዳሌን፣ የጉልበትንና የቁርጭምጭሚትን መታጠፍ በዲግሪ ያወጣል። ለምርምር በነፃ ነው። ዕቃው ሁሉ በአንድ ሻንጣ ከብቸና ሞጣ በአውቶቡስ ይሄዳል።

ቪዲዮው የሚሰላው በኢንተርኔት ተልኮ ስለሆነ ኔትወርክ ይፈልጋል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፤ ቁርጭምጭሚቱ በእብጠት የተዋጠ እግር ላይ ሶፍትዌሩ መገጣጠሚያውን ሊስተው ይችላል። በእኛ ሰው እግር ሳይፈተን ሊታመን አይገባም። እግሩን ሸሽጎ የኖረ ሰው ላይም፣ ተረድቶ እሺ ሳይል ካሜራ አይደቀንም።

የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ መምህራን ይህን ይሞክሩልን። እስከዚያው በየጤና ጣቢያው ካርድ ላይ፣ ከእብጠቱ ልክ አጠገብ፣ ሕመምተኛው ሳያርፍ የሄደው ርቀትና የፈጀበት ደቂቃ ይጻፍ። ለዚህ ሰዓትና የተለካ ገመድ ይበቃል።