ባቱ ድረስ ሄዳችሁ ከቤት የመጣ ሳንዱች?



ረዘም ያለ ዊኬንድ በመጣ ቁጥር ኢንቦክሴ ውስጥ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይበዛል። "ዶክተር፣ ወደ ላንጋኖ ልንወርድ ነው፤ መንገድ ላይ ምን ባንበላ ይሻላል?" ልብ በሉ፣ "ምን እንብላ?" ብሎ የሚጠይቅ የለም። ብዙ የሙያ ባልደረቦቼም የሚሰጡት መልስ ቀላሉን ነው፦ ከቤታችሁ ያዙ፣ ከውጭ አትብሉ፣ አለቀ። እኔ በዚህ ምክር አልስማማም። እንዲያውም ብዙ ሰው ያሳመመው ይሄው ከቤት የተያዘው ነው ባይ ነኝ።

የምሠራው አዳማ ነው። ሰኞ ሰኞ ከሽርሽር የተመለሰ ሆድ በብዛት ይመጣል። ታማሚው ገና ወንበር ሳይዝ ጥፋተኛውን ይነግረኛል፦ "ትናንት ባቱ አሳ በልቼ ታይፎይድ ያዘኝ።" ታይፎይድ እኮ በአንድ ቀን አይነሳም! ጀርሙ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ሕመሙ እስኪጀምር ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ የእሁዱ አሳ የሰኞ ታይፎይድ ሊሆን አይችልም፤ የቪዳል ምርመራው "ፖዘቲቭ" ቢልም እንኳ። (ቪዳል ብቻውን የማይታመን ምርመራ መሆኑን ሌላ ቀን እንጫወታለን።)

በበላችሁ ከ1 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በኃይል ማስመለስ ከጀመራችሁ ግን፣ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ምግቡ ሲቆይ ባክቴሪያ ያመረተው መርዝ ነው። "ከአሳው በፊትስ ምን በላችሁ?" ብዬ ስጠይቅ ታሪኩ ይወጣል። በሌሊት ተሠርቶ ከአዲስ አበባ የተጫነ የእንቁላል ሳንዱች፣ ማዮኔዝ የገባበት፣ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የዋለ። የተዘጋጀ ምግብ ከፍሪጅ ውጪ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ መስኮቱ ተዘግቶ የቆመ መኪና ምን ያህል እንደሚሞቅ እናንተው አስቡት።

አሁን ደግሞ የባቱን (የዝዋይን) አሳ እዩት። ቆሮሶው ከሐይቁ በወጣበት ቀን ጎኑ ተሰነጣጥቆ የሚንቀለቀል ዘይት ውስጥ ይገባል፤ እጅ እያቃጠለ ከዳጣ ጋር ይቀርባል። በልታችሁ ሳትጨርሱ ሌላው ይጠበሳል። ሕክምናው "ትኩስ፣ በደንብ የበሰለ፣ ወዲያው የሚበላ" ብሎ የሚመክረው ይህንኑ ነው። ጉላሹም፣ ዱለቱም እንደዚያው። ሰው የሚበዛበት ቤት ምረጡ፣ ምክንያቱም እዚያ ምግብ አያድርም። ከፈለጋችሁ ሳይጠበስ አሳዩኝ በሉ፦ ዓይኑ ጠርቶ ጉሮሮው ቀይ ከሆነ ትኩስ ነው። ባለቤቶቹ አይቀየሙም፣ ደስ ነው የሚላቸው።

አእምሯችሁን ክፈቱ ስል ግን ጥሬ አሳውንም ዋጡ ማለቴ አይደለም። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አሳ ውስጥ የጥገኛ ትል እጮች እንደሚገኙ በጥናት የታወቀ ነው። ጥሬ የከብት ሥጋም የኮሶ ትል መንገድ ነው። "አዋዜው ይፈጀዋል፣ አረቄው ይገለዋል" የሚባለው ጨዋታ ነው እንጂ ትሉ አይሰማም። የሚገድለው እሳት ነው። ያልፈላ ወተትም እንዲሁ፤ ብሩሴሎሲስ እና የከብት ቲቢ በዚያ ይመጣሉ። ወተቱን አፍልታችሁ ጠጡት፤ ከአርሲ የሚመጣውን ጭኮ ግን ሳትፈሩ ብሉ። የተቆላ ገብስ እና የተነጠረ ቅቤ ነው፣ ውሃ ስለሌለው በቀላሉ አይበላሽም፣ ለመንገድ ከብስኩት ይሻላል። ኮሌስትሮል ያለባችሁ መጠኑን ታውቃላችሁ።

ከምግብ ይልቅ የሚከነክነኝ ሌላ ነገር አለ። አንዳንድ እንግዳ ምግብ ያቀረበችለትን ልጅ ጥርስ አይቶ ቡናማ ከሆነ "እነዚህ ሰዎች ጥርሳቸውን አይቦርሹም እንዴ?" ይላል፣ ከዚያ ወጥ ቤቱንም ይጠራጠራል። ይሄ ቆሻሻ አይደለም! የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ ያልፋሉ። ጥርሱ ቀለሙን የያዘው ልጅቷ ገና ከ8 ዓመት በታች ሳለች፣ በድድ ውስጥ እየተሠራ እያለ ነው። በየቀኑ 5 ጊዜ ብትቦርሽም አይለቅም። እዚሁ አጠገባችን ወንጂ የስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ ደግሞ ለብዙ ዓመታት የጠጡት ውሃ አጥንትና ነርቭ እስከመጉዳት ደርሶ ነበር። ለሁለት ቀን የመጣ እንግዳ ምንም አይሆንም። እዚህ ልጅ የምታሳድጉ ግን ውሃችሁ ከጉድጓድ ይሁን ከወንዝ ጠይቁ፤ ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋም፣ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይወፍራል።

ወይኑስ? ካስቴል ባቱ ላይ ተክሎ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች አወጣ፦ ሪፍት ቫሊ እና አካሺያ። ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ፣ ሻርዶኔ፣ ሁሉም እዚሁ አፈር ላይ ያደጉ ናቸው። ከምትጠጡ ሰዎች ወገን ከሆናችሁ፣ ሻርዶኔውን ከትኩስ አሳ ጋር ሳይሞክሩ "የፈረንጅ ካልሆነ ወይን አይባልም" ማለት ንቀት ነው። በኮካ የሚቀላቅሉትንም አልስቅባቸውም፤ ግን ስኳሩ የአልኮሉን ጣዕም ስለሚደብቅ ሳይታወቃችሁ ብዙ ትጠጣላችሁ።

እንደ ሐኪም ግን "ቀይ ወይን ለልብ ጥሩ ነው" ሲሉኝ አልፈርምም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ለጤና ፍጹም ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ ተናግሯል። የማትጠጡ ለጤና ብላችሁ አትጀምሩ። የምትጠጡ ለጣዕሙ፣ ከምግብ ጋር፣ ቀስ ብላችሁ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትወስዱ በባዶ ሆድ እንዳታስቡት፣ ስኳራችሁ ድንገት ይወርዳል። ሜትሮኒዳዞል (ፍላጂል) እየወሰዳችሁ ከሆነም ይቅርባችሁ።

ሹፌሩስ? ሒሳቡ ይሄው። 12 በመቶ አልኮል ያለው 150 ሚሊሊትር ወይን፣ ማለትም አንድ ብርጭቆ፣ 14 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ነው። ሰውነት ይህን ለማጥፋት ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ይፈልጋል። ምሳ ላይ 3 ብርጭቆ የጠጣ ሰው ቢያንስ 5 ሰዓት ገደማ ይቀረዋል። ቡና ያነቃዋል እንጂ ደሙን አያጠራለትም፣ ፊት መታጠብም እንደዚያው። ፈጣን መንገዱ ላይ በዚያ ፍጥነት መሪ የሚይዘው ያልጠጣ ሰው ይሁን፤ ከሌለ ባቱ እደሩ፣ አልጋ አለ።

ካደራችሁ አጎበር ተጠቀሙ። አዲስ አበባ ከፍ ስላለች ወባ አታውቁም፤ እዚህ ሐይቅ ዳር ግን ማታ ማታ ትንኝ አለች። ከተመለሳችሁ ከሳምንት በኋላ ወይም ከወራትም በኋላ ትኩሳት ከመጣባችሁ ለሐኪሙ የመጀመሪያው ቃላችሁ "ስምጥ ሸለቆ ነበርኩ" ይሁን።

የባቱ ልጆች፣ የአሳ ዱለቱን በደንብ የሚችለው ቤት የቱ ነው? እስኪ ንገሩን።