ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፦ ሳያጠኑ መተኮስ መፍትሔ አይሆንም

በኮልፌ ቀራንዮ ጅብ የተረት እንስሳ አይደለም፤ የሌሊት ጎረቤት ነው። ከዘነበወርቅ እስከ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ድምፁን እየሰማ ያደገ ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ስንት ጅብ አለ? ጉድጓዱ የት ነው? በየትኛው ወንዝ ዳር፣ በስንት ሰዓት ይወጣል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ወረዳው ሄዶ በማስረጃ የተደገፈ መልስ ያገኘ ነዋሪ ካለ ይቅረብ!

ያለው ግምት ብቻ ነው። በ2006 ዓ.ም. በከተማዋ መሃል ጅቦች በአዳኞች ተተኩሶባቸው ሲገደሉ፣ የውጭ መገናኛ ብዙኃን በአዲስ አበባ እስከ 1,000 ጅብ ሊኖር እንደሚችል ዘግበው ነበር። ግምት ይዞ መተኮስ ይቻላል፤ ግምት ይዞ ሰውን ከጅብ መጠበቅ ግን አይቻልም።

ስለ ጅብ የሚወራው አብዛኛው ነገር አውሬውን በሌሊት ተከታትሎ ካየ ሰው የመጣ አይደለም። «ጅብ እስኪነክስ ያነክስ» ይባላል፤ ተንኮል የተባለው አረማመድ ግን የኋላ እግሩ ከፊተኛው ስለሚያጥር የመጣ ነው። ጅብ ፈሪ ነው፣ የሌላ ትራፊ ለቃሚ ነው ይባላል። ሃንስ ክሩክ የተባለው ተመራማሪ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በታንዛኒያ ሜዳዎች ሌሊቱን እየተከታተለ ያየው ግን ሌላ ነው፤ በንጎሮንጎሮ ጅቦቹ አብዛኛውን ምግባቸውን ራሳቸው አድነው ይገድላሉ፤ አንበሳው ነው መጥቶ የሚቀማቸው። መንጋውን የምትመራው ሴቷ እንደሆነች፣ ልጅም ማዕረጉን ከእናቱ እንደሚወርስ የታወቀው እንዲህ በዱር ለዓመታት በተደረገ ክትትል ነው።

«ይህ የፈረንጅ ቅንጦት ነው፤ ሰው እየተራበ ጅብ ይጠናል ወይ?» የሚል አይጠፋም። መልሱ ከዚሁ አገር ነው። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በሰሜን ኢትዮጵያ የጅብ ኩስ ሰብስበው፣ በውስጡ ያለውን ፀጉር በማይክሮስኮፕ እየለዩ ጅቡ የበላውን አወቁ። በ2012 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ውጤት ግልጽ ነበር፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሥጋ ቤት ሲዘጋና ትራፊ ሲጠፋ፣ ጅቡ ወደ አህያ ይዞራል። ፋሲካ ሲገባ ደግሞ ወደ ትራፊው ይመለሳል። ይህንን የሚያውቅ የኮልፌ ባለአህያ በየትኛው ወር አህያውን ውጭ እንደማያሳድር ያውቃል። ይህ ነው ቅንጦት የተባለው?

ሌላም አለ። በ2021 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት በመቀሌ ዙሪያ ያሉ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የእንስሳት ጥንብ እንደሚያነሱ ገምቷል። በዚህም አባ ሰንጋና የከብት ሳንባ ነቀርሳ በሰውም በከብትም ላይ እንዳይዛመት ያግዛሉ። ደመወዝ የማይጠይቅ የጽዳት ሠራተኛ ማለት ነው። በ2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ያለቁበት የከተማዋ ምዕራብ፣ ቆሻሻ በአግባቡ ሳይነሳ ሲቀር ምን እንደሚያስከትል ከማንም በላይ ያውቃል።

ይህ ሁሉ ጅብን ለማቆላመጥ አይደለም። ጅብ ሰው ይገድላል። የሚገድለው ግን ግንብ አጥር ያለውን ባለቪላ አይደለም፤ በረንዳ አዳሪውን ልጅ፣ ዘበኛውን፣ ሌሊት ለኪዳን የሚወጡትን እናት ነው። ስለዚህ የእውቀቱ ጉድለት ዕዳ የሚከፈለው በድሃ ደም ነው። የወንዝ ዳርቻ ሲጸዳና ቁጥቋጦ ሲመነጠር ጅቡ በአዋጅ አይጠፋም፤ ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል። ወዴት እንደሚሄድ ሳያጠኑ መመንጠር አደጋን ከአንድ ቀበሌ ወደ ሌላው ማዛወር ነው። ጅቡን መግደልም ቢሆን ጥንቡ ሜዳ ላይ እስከተጣለ ድረስ ለሌላ ጅብ ቦታ ማስለቀቅ እንጂ መፍትሔ አይደለም።

የሚያስፈልገው ብዙ ወጪ አይደለም። የጅብ ነጠብጣብ እንደ ሰው አሻራ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል፤ በየወንዙ ዳር የሚተከሉ የሌሊት ካሜራዎች አንዱን ከሌላው ለይተው መቁጠር ያስችላሉ። ድምፅ በማጉያ አሰምቶ የሚመጡትን መቁጠርም በትግራይ የተሠራበት ዘዴ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት፣ ወደ ኮልፌ ቀራንዮም የሚዘልቀው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል እዚያው አለ። ተማሪው አለ፤ ሌሊቱ አለ፤ ጅቡም አለ። የጠፋው የሚያዝና በጀት የሚመድብ ነው።

የከተማው አስተዳደርና የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ሦስት ነገር ያድርጉ፦ ከመንጠራ በፊት ያስጠኑ፣ ውጤቱን ለነዋሪው በአማርኛ ይንገሩ፣ የሞተ እንስሳ በወቅቱ የሚነሳበትን አሠራር ይዘርጉ። ሰው ከተነከሰ በኋላ ጠመንጃ አንስቶ መውጣት ጅብ ከሄደ በኋላ እንደሚጮኸው ውሻ መሆን ነው። ውሻውስ ቢያንስ ጅቡ በየት በኩል እንደሄደ ያውቃል!