የማይበላ የዳቦ ቤት



ባለፈው የገና ሰሞን እዚህ መካነ ሰላም ውስጥ አንድ ሙዓለ ሕፃናት «የብስኩት ቤት ውድድር» አዘጋጅቶ ነበር። ግጥም ይሞክራል የሚል ወሬ ስለተነዛብኝ እኔም ከዳኞቹ አንዱ ሆኜ ተጠራሁ። እንጀራዬ ባንክ ውስጥ ነው፤ ቤት ሲባል ቶሎ የሚታየኝ ካርታና የዋስትና ግምት ነው። በዚያን ዕለት ግን ግድግዳቸው ብስኩት፣ ምርጊታቸው በስኳር የተመታ የእንቁላል ነጭ፣ ጣሪያቸው ከረሜላ የሆነ ትንንሽ ቤቶች ሲቆሙ አየሁና ልቤ ተደሰተ።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ብስኩት ከቤቱ ያመጣ ልጅ ይሠራል፤ ያላመጣ ግን ግድግዳው እንዳይወድቅ ይይዛል። ከያዦቹ አንዱ እጄን ነካ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ መቼ ነው የምንበላው?» አለኝ። መምህርቷ ቀድማ፣ «ለዕይታ ነው፤ አይነካም» ስትል መለሰችለት። እኔስ ምን አደረግሁ? አንገቴን ደፍቼ ከአሥር ዘጠኝ ጻፍሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ በዚያው ሳልፍ ቤቶቹ በቢሮው የመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ሻግተው፣ ጉንዳን ወርሷቸው አገኘኋቸው።

ነገሬ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ «የፈረንጅ ነገር ስለሆነ ነው የከፋው» ይላሉ። አልስማማም። የወንድማማቾቹ ግሪሞች የተረት መጽሐፍ በ1812 እ.ኤ.አ. በጀርመን ሲታተም፣ ሐንሰልና ግሬተል የሚባሉ የሁለት ሕፃናት ታሪክ ነበረበት። ያ ታሪክ የሚነሣው ከረኀብ ነው። በአገሩ የሚላስ የሚቀመስ ሲጠፋ ወላጆቻቸው ልጆቹን ጫካ ወስደው ጣሏቸው። እነርሱም ሲንከራተቱ ከዳቦ የተሠራ፣ ጣሪያው ኬክ፣ መስኮቱ ስኳር የሆነ ቤት አገኙ። እንግዲህ ይህን ታሪክ ከወሎ ሰው በላይ ማን ይረዳዋል? የ1966ቱንና የ1977ቱን ረኀብ ያየ፣ ወይም እንደ እኔ ከእናቱ አፍ ሰምቶ ያደገ ሰው፣ የተራበ ልጅ የዳቦ ቤት ለምን እንደሚያልም ማስረዳት አያሻውም። እኔማ የእነዚያን ልጆች ጫካ ሳስበው የሚታየኝ የራሳችን ደንቆሮ ጫካ ነው።

ደግሞም አስተውሉ፤ እነዚያ ልጆች ቤቱን እንዳገኙ ያደረጉት የመጀመሪያ ነገር መብላት ነበር! ሐንሰል ጣሪያውን ቆረሰ፤ ግሬተል መስኮቱን ገመጠች። ከዳቦ የተሠራ ቤት ወጉ መቆረስ ነው። እኛ ግን የተረቱን ቤት ተውሰን መብሉን ትተነዋል። አሜሪካኖች እንኳ የዝንጅብሉን ዳቦ መጋገር ሲከብዳቸው ግራሃም በሚባለው ብስኩት ተክተውታል። እኛም በሱቃችን ብስኩት ብንተካው ነውር የለበትም። ነውሩ ሌላ ነው።

«ጾም ስለነበር ነው» የሚለውንም ማመካኛ አልቀበልም። የአራትና የአምስት ዓመት ሕፃን አይጾምም፤ አብረው የተቀመጡት ሙስሊም ልጆችም የነቢያት ጾም አልነበረባቸውም። የሚጾም ቢኖር እንኳ በበዓሉ ቀን ይፈስክበት ነበር።

«ዓላማው ፈጠራ ማስተማር ነው» ለሚሉኝ ደግሞ መልሴ አጭር ነው። ለፈጠራ ጭቃ አለን። እቃ እቃ ስንጫወት ጭቃውን በጭድ ለውሰን፣ ግድግዳ አቁመን፣ በሬውን ከነቀንዱ ሠርተን ፀሐይ ላይ አድርቀናል። ጭድ ያነሰው ግድግዳ እንደሚሰነጠቅ የተማርነው ከማንም ሳይሆን ከተሰነጠቀው ግድግዳ ነው። ጭቃ ደግሞ ያመጣና ያላመጣ ብሎ ልጅ አይለይም። ለዕይታ የሚቀመጥ ቤት ከፈለጋችሁ በጭቃ አሠሩ፤ ዓመትም ይቆያል። በእህል ካሠራችሁ ግን እዚያው ቆርሳችሁ አብሉ። ቡሄ ሲጨፍር ለመጣ ልጅ ሙልሙል አሳይቶ መልሶ መሶብ ውስጥ የሚከት ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የምከሰው መምህርቷን ብቻ አይደለም። ፎቶ አንሥተን፣ አጨብጭበን፣ ነጥብ ሰጥተን የተበተንነውን ሁላችንን ነው፤ ከሁሉም በፊት ዘጠኝ የጻፈውን እጄን። የዚያ ልጅ ጥያቄ በውድድሩ ላይ የተነገረ ብቸኛው ትክክለኛ ነገር ነበር። ዘንድሮ ከጠሩኝ እሄዳለሁ። የምሄደው ግን ብስኩቱን ለሁሉም ልጆች እኩል ገዝቼ ነው፤ ዳኝነቱም ቤቶቹ ተበልተው ካለቁ በኋላ ይሆናል።

እስከዚያው ይህችን ስንኝ ለራሴ ጽፌአለሁ፦

ከዳቦ ቤት ሠርቶ፥ በሩን የቆለፈ፣
ረኀብተኛን ከደጅ፥ አቁሞ ያለፈ፣
ፎቶውን አንሥቶ፥ ቤት ሠርቻለሁ ይላል፤
ያልቆረሱት ዳቦ፥ ከድንጋይ አይሻል።