ማሳመሪያ ሥዕልን አይተካም

ጓዶች፣

ለአዲስ ገቢ የሕክምና ተማሪዎች የክርን መታጠፊያን በፎቶሾፕ ስንሥል፣ እንዲለሰልስ ብለን «ብለር» የተባለውን ማሳመሪያ ጨመርንበት። ሥዕሉ አማረ፤ ዳሩ ግን ደም ቅዳው ቧንቧና ከጎኑ የሚያልፈው ነርቭ አንድ ገመድ መሰሉ። ነገ መርፌ ለሚይዝ እጅ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም።

ብለር የአጎራባች ነጥቦችን ቀለም እያቀላቀለ ወሰናቸውን ያደበዝዛል። «ሻርፕን» ቢከተልም የጠርዙን ብርሃንና ጥላ ያጎላል እንጂ የጠፋውን አይመልስም።

ማሳመሪያን በጭፍን አንቃወምም፤ የምንቃወመው የዕውቀት ጉድለት መሸፈኛ መሆኑን ነው። ስለዚህ አስቀድመን አካሉን አጥንተን እንሣል፤ ማሳመሪያውንም ዋናውን ሳንነካ በግልባጩ ላይ እንሞክር። ይህ ሂስ በቅድሚያ ለራሳችን ነው።

ከጌጡ እውነቱ ይቅደም!