ስለ አዋሽ የሚነገረውን አዋሽ ይሰማዋል ወይ?

በመስከረም 2017 ዓ.ም. በፈንታሌ ተራራ ዙሪያ መሬት መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ልጆቹን ይዞ ደጅ ያደረ ሰው ማወቅ የፈለገው ጥቂት ነገር ነው። ቤት መግባት ይቻላል? የተሰነጠቀው ግድግዳ ይይዛል? ከዚህ የባሰ ይመጣል? ከከሰም ግድብ በታች ያለ ሰው ይነሣ ወይስ ይቆይ? መንቀጥቀጡ ወራት ቆየ። ታኅሣሥ 25 ቀን ዶፈን ተራራ አካባቢ መሬቱ ተቀዶ እንፋሎትና ጭቃ ወደ ላይ ይወነጨፍ ጀመር። በአፋርም በኦሮሚያም በኩል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀዬአቸው ተነሡ። ንዝረቱ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያሉትን ሳይቀር ከመኝታቸው አስነሣ።

ጥያቄዬ ከዚያ በኋላ በቴሌቪዥን ስለተነገረው አይደለም፤ ከዚያ በፊት ስለነበረው ጊዜ ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በሰሜን አፋር፣ ዳባሁ አካባቢ፣ ቅልጥ አለት ከሥር እየገፋ ገብቶ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የመሬት ክፍልን ሰነጠቀ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መሬቱ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራራቀ። የዓለም ተመራማሪዎች ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር ወደ አፋር ጎረፉ፤ መሣሪያ ተከሉ፣ ለኩ፣ በታላላቅ መጽሔቶች ላይ ጻፉ። በ2017 ፈንታሌና ዶፈን ላይ የሆነውም በባሕርዩ የዚያ ዘመድ ነው፤ ቅልጥ አለት ከሥር መንገድ ሲፈልግ ከላይ ያለው መሬት ይነቃል። እንግዲህ በመሐል 19 ዓመት ነበረ። በእነዚህ 19 ዓመታት ውስጥ አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ሳቡሬ ወይም ዱለቻ ላይ ሕዝብ ተሰብስቦ፣ የሚያውቅ ሰው ፊቱ ቆሞ፣ «የምትኖሩበት መሬት እንዲህ ነው፤ የተንቀጠቀጠ ዕለት እንዲህ አድርጉ» ያለው ስንት ጊዜ ነው? ስለ ስምጥ ሸለቆው ምርምር ያደረጉ ተቋማት ሁሉ ይህን ቁጥር ለሕዝብ ቢነግሩን እወዳለሁ።

ፐብሊክ ሌክቸር፣ ማለትም ሕዝባዊ ገለጻ፣ የሚባለውን ነገር የምጠላ ሰው አይደለሁም። የተማረ ሰው ያወቀውን በአደባባይ ሲናገር ማየት ከሚያስደስቱኝ ነገሮች አንዱ ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011ም ቢሆን ከማስተማርና ከምርምር ጎን የማኅበረሰብ አገልግሎትን በዩኒቨርሲቲዎች ላይ ጥሏል። ሰመራ ዩኒቨርሲቲ በ2000 ዓ.ም. ሲከፈት የአፋር ሕዝብ ደስ ያለው ልጆቹ ዲግሪ ስለሚይዙ ብቻ አይመስለኝም፤ ስለ ውሃው፣ ስለ ግጦሹና ስለ እሳተ ገሞራው የሚያጠና ቤት ደጁ ስለመጣለትም ነው። ታዲያ «ሕዝባዊ» በተባለው ገለጻ አዳራሽ ውስጥ የሚቀመጠው ሕዝብ የትኛው ነው?

አንድ እንዲህ ያለ መድረክ ላይ ያየሁት አይረሳኝም። ባነሩ በእንግሊዝኛ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃ በሰልፍ ተደርድሯል። የመክፈቻ ንግግሮቹ ከገለጻው ረዘሙ። ስላይዱ ላይ ያለው ጽሑፍ ከመሐል ወንበር እንኳ አይነበብም፤ እሱም እንግሊዝኛ ነው። ፊት ለፊት ሽርጥ የታጠቁ አንድ የአፋር ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ያለ ወጣት አልፎ አልፎ ጎንበስ እያለ አንድ ሁለት ቃል ይነግራቸዋል። የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ፣ «ጊዜ ስለሌለን ሦስት ሰው ብቻ» ተባለ። ሽማግሌው ተነሡና በቋንቋቸው ጠየቁ፤ ወጣቱ ተረጎመ፦ «ከላይ ውሃ ሲለቀቅ ማታ ነው የሚደርስብን። ከመድረሱ በፊት ማነው የሚነግረን?» መድረኩን የሚመራው ሰው፣ «በጣም ጥሩ አስተያየት ነው፣ እናመሰግናለን» ብሎ ማይኩን ለሚቀጥለው ሰው አሳለፈ። ሽማግሌው ግን አስተያየት አልሰጡም፤ ጠይቀዋል። ከዚያ ሁሉ ገለጻ መልስ ያስፈልገው የነበረው ጥያቄ ያ ነበር። ለምን ሳይመለስ ቀረ? መልሱን የሚያውቅ ጠፍቶ ነው? ወይስ የዚያ ቀን መድረክ ለእሳቸው አልተዘጋጀም?

ወደ ርዕሶቹ ልምጣ፤ ዋናው ቅሬታዬ እዚህ ነው። ስለ አፋር ተፈጥሮና ማኅበረሰብ በሚደረጉ መድረኮች «የአየር ንብረት ለውጥ» የሚለው ርዕስ ለምን ይህን ያህል ተወደደ? ለውጡ እውነት ነው፤ ድርቁም እውነት ነው። ነገር ግን ጥፋተኛው ከባቢ አየር ሲሆን ማንም ለመልስ አይጠራም። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ የሚያልቅ ወንዝ ነው። ባለፉት ስድሳ ምናምን ዓመታት በዚህ ወንዝ ላይ የደረሰው አብዛኛው ነገር በሰው እጅ፣ በውልና በማኅተም የተደረገ ነው። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ተቋቋመ። በእነዚያ ዓመታት እንግሊዞቹ ሚቸል ኮትስ ተንዳሆ ላይ ጥጥ፣ ሆላንዶቹ ኤች.ቪ.ኤ. መተሐራ ላይ ሸንኮራ ያዙ። የተያዘው መሬት ምን ነበር? ወንዙ ሞልቶ ሲፈስስ የሚጠጣው፣ በበጋ ከብት የሚያርፍበት የዳር ግጦሽ ነው። አፋር በዝናብ ጊዜ ከብቱን ወደ ሜዳው ያወጣል፤ ሲደርቅ ወደ አዋሽ ዳር ይመለሳል። የመመለሻው መሬት ተወስዶ የ1965 እና የ1966ቱ ድርቅ ሲመጣ ከብቱም ሰውም አለቀ። ያንን «ዝናብ ጠፋ» ብሎ መተረክ ግማሹን መደበቅ አይሆንም?

ዛሬስ? የአዲስ አበባ ፍሳሽ በአቃቂ በኩል፣ የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በሞጆ ወንዝ በኩል አዋሽ ይገባል። መተሐራ ጎን ያለው የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። ውሃው ጨዋማ ነው፤ ከተማውንና የባቡር ሐዲዱን እንዳይውጥ እየተባለም ወደ አዋሽ ሲለቀቅ ቆይቷል። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ በታች አሚባራ፣ ገዋኔ፣ ዱብቲ፣ አሳይታ ያለ ሰው ይህንኑ ወንዝ ይጠጣል፣ ከብቱን ያጠጣል፣ ማሳውን ያጠጣበታል። «ከበሰቃ የሚለቀቀውን ማን ይጠጣዋል?» የሚል ርዕስ ያለው ሕዝባዊ ገለጻ፣ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ዱብቲ ላይ ቢደረግ ማን ይቃወማል? ሊያስቸግር የሚችለው ቴክኒኩ ነው ወይስ የሚጠየቁት ሰዎች ማንነት?

ሌላው ነገር ያ እሾሃም ዛፍ ነው፤ በመጽሐፍ ፕሮሶፒስ፣ በአፋሮች አፍ ደርጊ ሐራ፣ በአዋሽ ከተሞች ወያኔ ዛፍ ይባላል። በ1970ዎቹ በረሃማነትን ይገታል፣ ጥላ ይሆናል፣ ነፋስ ይመልሳል ተብሎ መካከለኛው አዋሽ ላይ ተተከለ። ፍሬው ይጣፍጣል፤ ከብቱም ፍየሉም ይበሉታል። ዘሩ ግን ጠንካራ ስለሆነ ሆድ ውስጥ ሳይፈጭ ያልፋል፤ በእበትና በበጠጥ ውስጥ፣ ማዳበሪያው ተዘጋጅቶለት፣ መንጋው በሄደበት ሁሉ ይበቅላል። ፍሬውን ብቻ ሲበላ የከረመ ከብት ጥርሱ ይበላሻል፤ እሾሁ እግር ይወጋል፤ ጥላው ሥር ሣር አይበቅልም። ዛሬ በአፋር ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ይዟል። እስቲ ልጠይቅ፦ ዛፉ ሲተከል ከብት ዘሩን እንደሚያሰራጨው ለከብቱ ባለቤት የነገረው ማነው? ከገዋኔ እስከ ሚሌ መንጋውን የሚነዳ ሰው ያን ጊዜ ቢያውቅ ኖሮ ዛፉን ለመግታት ከማንም የተሻለ ቦታ ላይ አልነበረም? ስለ ፕሮሶፒስ በእንግሊዝኛ የተጻፈው የመመረቂያ ጽሑፍና ጥናት መደርደሪያ ይሞላል። ከዚያ ውስጥ ጥናቱ ለተካሄደበት ቀበሌ ተመልሶ በአፋርኛ የተነገረው ስንቱ ነው? መጠይቁን የሞላው አርብቶ አደር ውጤቱን የመስማት መብት የለውም?

አፋርኛ ከፌዴራል የሥራ ቋንቋዎች አንዱ እንዲሆን የሚኒስትሮች ምክር ቤት የወሰነው በ2012 ዓ.ም. ነው። በወረቀት ላይ የአገር ቋንቋ የሆነ ልሳን ተናጋሪው ራሱ ስለሚኖርበት መሬት በሚነገርበት አዳራሽ እንግዳ የሚሆነው ለምንድነው?

«አርብቶ አደር ይበተናል፣ አይሰበሰብም» የሚል መልስ እሰማለሁ። ይህን የሚል ሰው ዳጉን አያውቅም ማለት ነው? ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ይቀመጣሉ፤ ዝናቡ የት እንደጣለ፣ ግጦሹ የት እንዳለ፣ የትኛው ጎሣ ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ምን በሽታ እንደገባ፣ ምን እንግዳ እንዳለፈ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው እየጠየቀ ያዳምጣል። ያየውን ከሰማው ለይቶ ይናገራል፤ የሰማውንም ከማን እንደሰማው ይጠቅሳል። ተቀባዩ በተራው ለሚያገኘው ሰው የማድረስ ግዴታ አለበት። ምንጭ መጥቀስ፣ ማጣራት፣ ማስተላለፍ፦ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለተማሪ የሚያስተምሩት ከዚህ ምን የተለየ ነው? ስለ ዳጉ የተጻፈ ጥናት ብዙ ነው። በዳጉ የተነገረ ጥናትስ? ለምሳሌ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ኃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ሕንድ ድረስ ዘልቆ የአውሮፕላን በረራ አስተጓጉሏል። አብራሪው ያን ዕለት ስለ አመዱ ማስጠንቀቂያ ደርሶታል። አመድ የለበሰ ሣር ለፍየል ይሰጥ አይሰጥ እንደሆነ ለአፍዴራ እረኛ የነገረውስ ማነው? በስንተኛው ቀን?

አይስላንድ እንደ አፋር መሬት የሚለያይባት አገር ናት። ግሪንዳቪክ በምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ አጠገብ መሬቱ ማበጥ ሲጀምር፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2020፣ ሳይንቲስቶችና ባለሥልጣናት ነዋሪውን ሰብስበው የሚያውቁትንም የማያውቁትንም ነገሩት። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ከተማዋ ባዶ ትሁን ሲባል 3,800 ያህል ሰው በአንድ ሌሊት ወጣ። ሀብታም አገር ስለሆኑ ነው የሚል አለ። ለመሣሪያው፣ አዎ። ሰው ሰብስቦ በቋንቋው መንገር ግን ምን ያህል ሀብት ይጠይቃል?

ለነገሩ እኛም አናውቅበትም አይባልም። በ1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው፣ ረሃቡን በዓይናቸው አይተው፣ ፎቶግራፍ ይዘው ተመልሰው ግቢያቸው ውስጥ አሳይተዋል። መንግሥት ሊደብቀው የፈለገውን ነገር ዩኒቨርሲቲ ገለጠው። ያ መድረክ አገር ያንቀሳቀሰው አዳራሹ ስላማረ አልነበረም። መምህራኑ መጀመሪያ ሄደው ስላዩና የሚያስጠይቀውን ነገር ስላልሸሹ ነው። የዛሬው ምሁር ይህን አርአያ የት ጣለው?

ከሰመራ አዋሽ ሰባት ኪሎ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የአዋሽ ሰው ገለጻ ለመስማት ሰመራ ይሂድ ማለት አይቻልም፤ ዩኒቨርሲቲው ግን መኪናም መምህርም አፋርኛ ተናጋሪ ተማሪም አለው። በአዲስ አበባ ያሉት የሥነ ምድር ሊቃውንትም ለአዋሽ ከሰመራው ይልቅ ይቀርባሉ። ስለዚህ ልመናዬ ለእናንተ ነው፣ የሰመራም የአዲስ አበባም መምህራን። የሚቀጥለውን ገለጻ አዋሽ ላይ በገበያ ቀን አድርጉት፤ አፋሩም ከረዩ ኦሮሞውም አማርኛ ተናጋሪውም በየቋንቋው ይስማ። መጀመሪያ ጥያቄውን ከሕዝቡ ተቀበሉ፣ ከዚያ ተናገሩ። የማታውቁትን አናውቅም በሉ። የግድቦቹን ኃላፊዎች ይዛችሁ ኑ፤ ውሃ ሲለቀቅ ለአሳይታና ለዱብቲ ሰው በምን መንገድ፣ ከስንት ሰዓት በፊት እንደሚነገር እዚያው ሕዝብ ፊት ይናገሩ። ይህም ከክረምት በፊት ይሁን፤ ደጋው ላይ ዝናቡ ሲበረታ አዋሽ ይሞላል።