ሠራተኛዋ ትሠልጥን፤ አሠሪውስ?

ከሀገር ቤት እህትዎ ወይም የአጎትዎ ልጅ ደውላ ዐረብ ሀገር ልትሄድ መሆኑን ነግራዎት፣ ለሥልጠናው ገንዘብ እንዲልኩላት ጠይቃዎት እንደሆነ ይህ ጽሑፍ ለእርስዎ የተጻፈ ነው። እዚህ ቴምቢሳ ውስጥ እርስዎ ሱቅ ሲውሉ ልጆችዎን የምትይዝ፣ ሌሊትም እቤትዎ የምታድር ልጅ ቀጥረው እንደሆነም ለእርስዎ የተጻፈ ነው። ሁለቱ ጉዳዮች አንድ ጉዳይ ናቸው።

እኔ በሀገሬ ሳለሁ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበርሁ፤ ዛሬ ኑሮዬ በታክሲ ነው። በዚህ ሀገር ሰው ጭኖ ለመንዳት ተራ መንጃ ፈቃድ አይበቃም፤ ሕዝብ የሚያመላልስ ሾፌር ሌላ ልዩ ፈቃድ ማውጣት አለበት። መንግሥት ግን ሾፌሩን ብቻ መርምሮ ዝም አይልም፤ መኪናውንም ይመረምራል። ፍሬኑ የማይዝ ከሆነ የሾፌሩ ጉብዝና ተሳፋሪውን አያድነውምና! በቤት ሠራተኝነት ላይ የምናየው ግን ሾፌሯ ተፈትና መኪናው ሳይመረመር መንገድ የሚወጣበትን አሠራር ነው። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ እንዲሉ፣ እስቲ ከሥሩ እንጀምር።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 2013 የኢትዮጵያ መንግሥት ዜጎች ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ እንዳይሄዱ አገደ። ወዲያውም ሳውዲ ዐረቢያ ከመቶ ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን አባረረች። ከዚያ አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጣ። አዋጁ ወደ ውጭ የምትሄድ ሠራተኛ ቢያንስ 8ኛ ክፍል ያጠናቀቀችና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያላት እንድትሆን ደነገገ፤ ከተቀባዩ ሀገር ጋር ስምምነት እንዲኖርም አዘዘ። እገዳው እ.ኤ.አ. በ2018 ተነሣ። ሥልጠናን ግዴታ ማድረጉ መልካም ሐሳብ ነበር፤ የምቃወመው ሥልጠናውን አይደለም።

እንዲያውም ሥልጠና አያስፈልግም የሚሉትን ነው አስቀድሜ የምሞግተው። «የቤት ሥራ ማንም ሴት ልጅ ከናቷ ጓዳ የተማረችው ነው፤ ምን ሥልጠና ያሻዋል?» የሚሉ አሉ። ለመሆኑ ግማሽ አካላቸው የማይታዘዝላቸውን ሽማግሌ የራስን ወገብ ሳይሰብሩ ከአልጋ ወደ ወንበር ማሸጋገር ከማን ጓዳ ይገኛል? ከአልጋ የማይነሡ በሽተኛ ቆዳቸው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ገደማ መገላበጥ እንዳለባቸው፣ ስኳር በሽተኛ በድንገት ላብ አጥምቋቸው ሲንቀጠቀጡ ምን እንደሚደረግ፣ ሕፃን ምግብ ትን ብሎት ሲታፈን ጀርባው እንዴት እንደሚመታ ያለ ትምህርት አይታወቅም። ይህ ሙያ ነው። ሙያ ያልነው እንደሆነ ደግሞ የሙያ ክብር፣ የሙያ ደመወዝና የሙያ ሕግ ይኑረው ማለታችን ነው። ክርክሬም እዚህ ላይ ይጀምራል።

አንዲት ልጅ የልብስ ማጠቢያ ማሽንና የቫኪዩም አጠቃቀም፣ የሕፃናት አያያዝ፣ ጥቂትም የዐረብኛ ቃላት ተምራ ብቃቷ ተረጋገጠ እንበል። የምትሄድበት ቤት ግን የሚተዳደረው ከፋላ በሚባለው ሥርዓት ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። ሳውዲ ዐረቢያ እ.ኤ.አ. በ2021 ለውጭ ሀገር ሠራተኞች ሥርዓቱን ስታላላ የቤት ሠራተኞችን ከለውጡ ውጭ አደረገቻቸው። ሊባኖስም እ.ኤ.አ. በ1946 ያወጣችው የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን አይጨምርም። እ.ኤ.አ. በ2020 የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅና ኮሮና ሲገባ፣ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያት ሠራተኞቻቸውን ቤይሩት ካለው ቆንስላ ጽሕፈት ቤታችን ደጃፍ ከነሻንጣቸው እያወረዱ ጥለዋቸው ሄዱ። እነዚያ እህቶች አስፋልት ላይ ያደሩት ሙያ ጎድሏቸው ነበርን? የጎደለው አሠሪውን የሚይዝ ሕግ ነበር።

ሌሎች ሀገሮች ይህን የተረዱት ቀደም ብለው ነው። ፊሊፒንስ እ.ኤ.አ. በ2006 ማብቂያ ላይ የቤት ሠራተኞቿን የሙያ ምስክር ወረቀትና የቋንቋ ትምህርት ግዴታ ስታደርግባቸው፣ በዚያው ደንብ የወር ደመወዛቸው ከ400 የአሜሪካን ዶላር እንዳያንስና ኤጀንሲ ከሠራተኛዋ የቅጥር ክፍያ እንዳይቀበል ወሰነች። አፈጻጸሙ ላይ ብዙ ክፍተት ነበር፤ ቢሆንም ሥልጠናና ደመወዝ በአንድ ወረቀት ላይ ተጻፉ። ካናዳ ደግሞ ከ1992 እስከ 2014 ባቆየችው ፕሮግራም፣ አሠሪ ቤት እያደረች ሕፃን፣ አረጋዊ ወይም አካል ጉዳተኛ የምትንከባከብ ሠራተኛ የስድስት ወር የክፍል ትምህርት ወይም የአንድ ዓመት የሥራ ልምድ እንዲኖራት ትጠይቅ ነበር። በምላሹም ሁለት ዓመት የሠራች ለቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ማመልከት ትችል ነበር። እዚያም ቢሆን አሠሪ ቤት የማደሩ ግዴታ ስንቷን አስለቅሷል፤ በ2014 የተነሣውም ብዙ ከተጮኸበት በኋላ ነው። ሆኖም የሠለጠነችው አንድ ቦታ ለመድረስ ነበር። የእኛይቱ ልጅ ሠልጥና የት ትደርሳለች?

በዐረቦቹ ላይ ብቻ ጣት እንዳንቀስር ግን የራሳችንን ሕግ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአሠሪው ጋር የሚኖር የቤት ሠራተኛን የሥራ ሁኔታ ለአሠሪው ኅሊና ይተወዋል። ለኅሊና! እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አዲሱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም የግል አገልግሎት ቅጥርን በሌላ ደንብ ይታያል ብሎ ወደ ጎን ገፋው። በገዛ ቤታችን የነፈግናትን መብት ሪያድ ላይ ስትነፈግ እንጮኻለን። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ይሏል እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ቴምቢሳ እንመለስ። ጎሕ ሳይቀድ ወደ ኬምፕተን ፓርክና ወደ ሚድራንድ የሚሄደው ታክሲ ሰው ቤት በሚሠሩ እናቶች የተሞላ ነው። እነዚህ ሴቶች ታግለው ያስከበሩት ሕግ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ደንብ መደበኛውን የሥራ ሰዓት በሳምንት 45 አድርጓል። አሠሪ ለመኝታ ከደመወዝ ቢቀንስ ከመቶ 10 እጅ መብለጥ የለበትም፤ ክፍሉም መስኮት ያለውና በሩ የሚቆለፍ መሆን አለበት። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2013 የቤት ሠራተኞችን ዓለም አቀፍ ስምምነት አጸደቀች፤ ከ2022 ጀምሮም ዝቅተኛ ደመወዛቸው ከሌላው ሠራተኛ እኩል ሆነ። ማሪያ ማህላንጉ የምትባል ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ2012 ፕሪቶሪያ ውስጥ በአሠሪዎቿ መዋኛ ገንዳ ሰጥማ ሞተች። ልጇ ተሟግታ፣ በኅዳር ወር 2020 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ የቤት ሠራተኞችን ከሥራ ላይ ጉዳት ካሣ ማግለል ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈረደ። ደግሞ ልብ ይበሉ፤ የሥራ ጉዳይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 በሰጠው ፍርድ መሠረት የሥራ ፈቃድ የሌለው የውጭ ሀገር ሰውም በዚህ ሀገር ሠራተኛ ነው፤ ያለ አግባብ ቢባረር ሊከስ ይችላል።

እኛስ? ከሆሳዕናም ይሁን ከዱራሜ ያመጣናትን ልጅ «እህታችን ናት፣ እንደ ቤተሰብ ናት» እንላለን። ቤተሰብ ከሆነች የት ነው የምትተኛው? የሱቁ ካርቶን መሐል ነው? ፓስፖርቷስ በማን ኪስ ነው ያለው? የዕረፍት ቀኗ የትኛው ነው? «ደመወዟን ለወላጆቿ እልካለሁ» የሚሉም አሉ፤ የሰው ላብ በላኪው መልካም ፈቃድ የሚሰፈር ስጦታ አይደለም። «እኛ ራሳችን ስደተኞች ነን፣ አቅሙ የለንም» ለሚለው መልሴ አጭር ነው፤ ለሱቁ ኪራይና ለፍሪጁ አቅም ያለው ሰው ልጁን ለሚያሳድግለት ሰው አቅም አጣሁ ቢል አይታመንም። እውነት አቅም ካጣም ሰዓቷን ይቀንስ እንጂ ዋጋዋን አይቀንስ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ገንዘብ ከመላክዎ በፊት እህትዎን እነዚህን ይጠይቁ፦ ውሉን በአማርኛ አንብባዋለች? አንድ ቅጂ ከቤተሰብ ዘንድ ቀርቷል? ኤጀንሲው ፈቃድ አለው? ችግር ቢገጥማት የምትደውልበትን ቁጥር በቃሏ ይዛለች? ሥልጠናው ይህን ካላስተማራት ጎዶሎ ነው፤ መምህር ያላስተማረውን አይፈትንም፣ ሕይወት ግን ይፈትናል። እዚህ ቀጥረው የሚያሠሩ ከሆነ ደግሞ ሰዓቷን፣ ደመወዟንና የዕረፍት ቀኗን በወረቀት ጽፈው ይፈርሙላት፤ ፓስፖርቷን በእጇ ይስጧት። ያለ አግባብ የተባረረች እህትም ሲሲኤምኤ ወደሚባለው አስታራቂ መሥሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ ትሂድ፤ ክፍያ የለውም።

ማኅበራችንም ለእግር ኳስና ለበዓል አዳራሽ እንደሚከራየው ሁሉ በወር አንድ እሑድ ለዚህ ትምህርት ይከራይ። እንግሊዝኛ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ፣ የበሽተኛና የአረጋዊ አያያዝ፣ የሥራ ሕግ ይሰጥ፤ እንግሊዝኛውን ያለ ክፍያ ለማስተማር እኔ ዝግጁ ነኝ። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ የሕጉ ትምህርት በሚሰጥበት ሰዓት ፊት ለፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡት አሠሪዎቹ ይሁኑ።