ሱዶኩ ሲከብድ አይገምቱ

አባዬ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ወሬ ቀንሷል። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ቡናችንን ይዘን ሱዶኩ ስንሞላ ይከራከረኛል። ስለዚህ ከባዱን መፍታት መማር ነበረብኝ።

እርስዎም እስክሪብቶውን ትተው እርሳስ ያንሱ። በየባዶው ሳጥን ጥግ ላይ ሊገቡ የሚችሉትን ቁጥሮች ሁሉ በትንንሹ ይጻፉ። ይሰለቻል፤ አውቃለሁ። ከዚያ ጥንዶችን ይፈልጉ። በአንድ ረድፍ ሁለት ሳጥኖች ውስጥ 4 እና 7 ብቻ ከተጻፉ፣ የትኛው የት እንደሚገባ ባያውቁም፣ ሁለቱ ቁጥሮች ከእነዚያ ሳጥኖች አይወጡም። ስለዚህ ከረድፉ ሌሎች ሳጥኖች 4ን እና 7ን ይሰርዙ። ብዙ ጊዜ አንዱ ሳጥን አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ተተረተረ ሹራብ ነው። ቁልቁልም ሆነ ባለ 9 ሳጥኑ ካሬ ውስጥ ያው ነው።

መገመት ግን ይቅርብዎ። በትክክል የተዘጋጀ ሱዶኩ መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ ስህተቱ ደግሞ የሚታየው ዘግይቶ ነው። እኔ ማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝና መቸኮል ይቀናኛል። ባለፈው ወር «ይሄ 5 ነው» ብዬ ሞላሁ፤ ልንጨርስ ስንል በአንድ ረድፍ ሁለት 5 ተገኘ። አባዬ ምንም አላለኝም። ላጲሱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።